የሼርሎክ ሆልምስ የካርቱም ጉዞና የጠረፋችን ታሪክ

በቴሌቪዥን ከሚታዩት የውጭ አገር ተከታታይ ድራማዎች መካከል የድሮው የእንግሊዝ ኑሮ የሚታይባቸው የወንጀል ምርመራ ታሪኮች በመምህራን ዘንድ ብዙ ወዳጆች አሏቸው። ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ቀኑን ሙሉ ሲያስተምርና ደብተር ሲያርም የዋለ ሰው ማታ ከቴሌቪዥን ፊት ሲቀመጥ ጭጋግ የሸፈነው ጎዳና፣ የጋዝ ፋኖስ፣ በፈረስ የሚሳብ ሠረገላ፣ በሰንሰለት የተንጠለጠለ የኪስ ሰዓት ያያል። ሰው ተገድሏል፤ ገዳዩ አይታወቅም፤ አንድ ዝምተኛ ሰው ግን በምንጣፍ ላይ የወደቀውን የትምባሆ አመድ ጐንበስ ብሎ ይመለከታል። ብዙ ጊዜ ሳይወስድ ጥያቄው ሁሉ መልስ ያገኛል። በክፍል ውስጥ የሚነሡት ጥያቄዎች እንዲህ ቢፈቱ ኖሮ ሥራችን ምንኛ በቀለለ ነበር!

ይህ ዓይነቱ ደስታ ለእኛ እንግዳ ነው ማለት አይቻልም። አባቶቻችን ሙግት ማዳመጥ ይወዱ እንደ ነበር የታወቀ ነው። ዛፍ ሥር በተቀመጠ ዳኛ ፊት «ተጠየቅ» እየተባለ ክርክር ሲካሄድ፣ ጉዳዩ የማይመለከተው መንገደኛ ሳይቀር ቆሞ ያዳምጥ፣ የነገር ዐዋቂውንም አንደበት ያደንቅ ነበር። ወንጀለኛው ያልታወቀ እንደ ሆነም የአገሩ ሰው በአንድነት ተሰብስቦ አውጫጭኝ ይቀመጣል፤ በአንዳንድ አገር አፈርሳታ ይባላል። ነገሩ ሳይወጣ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም፤ ከስብሰባው የቀረም ይቀጣል። በአጋታ ክሪስቲ ድርሰቶች ላይ ተመሥርቶ ከ1989 እስከ 2013 በእንግሊዝ አገር የታየውን የኤርኩል ፗሮን ድራማ የተከታተለ ሰው፣ መርማሪው በመጨረሻ ተጠርጣሪዎቹን ሁሉ በአንድ ሳሎን ሰብስቦ ሲያፋጥጣቸው ባየ ጊዜ አውጫጭኙን ማስታወሱ አይቀርም። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። በአውጫጭኝ እውነቱን የሚያወጣው የአገሩ ሰው ራሱ ነው፤ በእንግሊዙ ድራማ ግን ከውጭ የመጣ አንድ ብልህ ሰው ነው። አንባቢው ይህን ልዩነት ልብ እንዲልልኝ እለምናለሁ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ «ዓ.ም.» ያልተባለበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ከመርማሪዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ሼርሎክ ሆልምስ ነው። ደራሲው አርተር ኮናን ዶይል የሕክምና ባለሙያ ነበር። ድርሰቶቹ በብዙ አገሮች ተሠርተዋል፤ ይሁን እንጂ ግራናዳ የተባለው ድርጅት ከ1984 እስከ 1994 በ41 ክፍል ያቀረበውና ጄረሚ ብሬት ሆልምስን ሆኖ የተጫወተበት ሥራ ከሁሉ የተሻለ ነው የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ እኔም ከእነርሱ ወገን ነኝ። ለዚህ ሥራ ሲባል የለንደኑ ቤከር ጎዳና ማንቸስተር ከተማ ውስጥ እንደ አዲስ ተሠርቶ ነበር። ማንቸስተር የጥጥ ንግድ ከተማ ነበረች፤ በ1920ዎቹ ዓመታት የሱዳን ባቡር ሐዲድ ወደ ከሰላ፣ ከዚያም ወደ ገዳሪፍ እንዲዘረጋ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱም የጥጥ እርሻ ነበር። ነገር ነገርን ያነሣል ብዬ ነው እንጂ የዛሬው ጉዳያችን ሌላ ነው።

ጉዳያችን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላይ የቆመ ነው። ሆልምስ በ1891 ስዊስ አገር ከሚገኝ ፏፏቴ ላይ ከጠላቱ ከፕሮፌሰር ሞሪያርቲ ጋር ወድቆ ሞተ ተብሎ ነበር። ደራሲው በ1893 የገደለውን ሰው በአንባብያን ጉትጎታ በ1903 «ባዶው ቤት» በተባለው ታሪክ ከሞት አስነሣው። እንደ ታሪኩ አቀማመጥ ሆልምስ ወደ ለንደን የተመለሰው በ1894 የጸደይ ወራት ነው። ወዳጁ ዶክተር ዋትሰን በድንጋጤ ራሱን ስቶ ከነቃ በኋላ «ይህን ሁሉ ዘመን የት ነበርህ?» ይለዋል። ሆልምስም ሁለት ዓመት ያህል ቲቤት እንደ ቆየ፣ በፋርስ እንዳለፈ፣ መካን እንዳየ፣ ከዚያም ካርቱም ላይ ኸሊፋውን ለአጭር ጊዜ እንደ ጎበኘና ያገኘውንም ለእንግሊዝ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እንዳስታወቀ ይነግረዋል። ከዚህ በኋላ ወደ ፈረንሳይ አገር ይሻገርና ወሬው ሁሉ ስለ ነፍሰ ገዳዩ ይሆናል። ስለ ካርቱሙ ጉብኝት ሁለተኛ ቃል የለም።

የለንደን አንባቢ ይህችን ዓረፍተ ነገር እንደ ቅመም ቀምሶ ያልፋታል። የመተማ ወይም የገዳሪፍ መምህር ግን እንዲህ ሊያልፋት አይችልም። ኸሊፋ የተባለው ሰው አብዱላሂ አል ተዓይሺ ነው፤ ከማህዲው ሞት በኋላ ከ1885 ጀምሮ የድርቡሾችን መንግሥት የገዛው እርሱ ነው። ሆልምስ ጎበኘሁት ከሚልበት ጊዜ አራት ዓመት ያህል ቀደም ብሎ የዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ራስ ከመተማ ተወስዶ የቀረበው ለዚሁ ሰው ነው።

እንግዲህ መርማሪውን በራሱ መንገድ እንመርምረው።

መጀመሪያ ስፍራው አይገጥምም። በዚያን ጊዜ ካርቱም ፍርስራሽ ነበረች። ማህዲስቶች ከተማዪቱን በጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ከያዙና ጄነራል ጎርደንን ከገደሉ በኋላ መቀመጫቸውን ከናይል ማዶ ወደ ኦምዱርማን አዛወሩ፤ በ1886 ገደማም ኸሊፋው የካርቱም ነዋሪ ሁሉ እንዲለቅ አዘዘ። የቤቶቹ እንጨትና ጡብ ሳይቀር ለኦምዱርማን ሥራ ተጓጓዘ። በ1893 ኸሊፋውን ፍለጋ ካርቱም የሄደ ሰው የሚያገኘው የፈረሰ ግድግዳ ነው።

ሁለተኛው መንገዱ ነው። ከመካ የመጣ ሰው ከጂዳ በመርከብ ወደ ሱዋኪን ይሻገራል። ሱዋኪን በግብፅና በእንግሊዝ ጦር እጅ ነበረች፤ ከዚያ ወደ ውስጥ ያለው አገር ደግሞ የዑስማን ዲግና ነበር። ዑስማን ዲግና በፌብሩዋሪ 1891 ቶከር አጠገብ ድል ሆኖ ወደ ኋላ ቢያፈገፍግም መንገዱ ለእንግዳ አልተከፈተም። ምፅዋን ከ1885 ጀምሮ ኢጣልያ ይዛታለች። ከዚያ ወደ ምዕራብ የሚያመራው መንገድ ከሰላ ላይ የድርቡሽ ጦር ይጠብቀዋል። ከዚያ ወደ ደቡብ ሲወርዱ ገዳሪፍ ነው፤ ከመተማው ጦርነት በኋላ የምሥራቁ የድርቡሽ ጦር ዋና ሰፈሩን ወደዚያ አዛውሮ ነበር። በዲሴምበር 1893 የዚሁ ጦር አዛዥ አሕመድ ዐሊ ሠራዊቱን ይዞ ኤርትራ ውስጥ አቆርደት ላይ ከኢጣልያ ጋር ተዋግቶ ሞተ። ሆልምስ በእነዚህ ሠራዊቶች መካከል በየትኛው በር ገብቶ በየትኛው እንደ ወጣ የሚነግረን የለም።

ሦስተኛው አቀባበሉ ነው። በኸሊፋው ዘመን ኦምዱርማን የገባ አውሮፓዊ የጉብኝት እንግዳ ሆኖ አያውቅም፤ እስረኛ ነበር። ኦስትሪያዊው ሩዶልፍ ስላቲን ከ1883 መጨረሻ እስከ 1895 ከአሥር ዓመት በላይ በእጃቸው ቆይቶ አምልጧል። ቄስ ኦርዋልደር በኖቬምበር 1891 ከሁለት መነኮሳዪት ጋር በግመል በረሃ አቋርጦ ወጣ። ጀርመናዊው ነጋዴ ቻርልስ ኖይፌልድ በ1887 ተይዞ እግሩ በሰንሰለት እንደ ታሰረ እስከ 1898 ቆይቷል። «አጭርና ደስ የሚል ጉብኝት» የሚባል ነገር ለእነዚህ ሰዎች ቢነገራቸው ምን ይሉ ነበር?

ስለዚህም የሆልምስ ቃል በአንድ ዳኛ ፊት የሚቆም አይደለም። ልብ ወለድ ነውና በዚህ ደራሲውን መክሰስ አይገባም የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ጥያቄው ግን ሌላ ነው። ኮናን ዶይል ካርቱምንና ኸሊፋውን ከየት አመጣቸው?

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ አገራችን ይመለሳል። ኮናን ዶይል በ1895 መጨረሻ የሳንባ ነቀርሳ የያዛትን ሚስቱን ይዞ ለአየር ለውጥ ወደ ግብፅ ሄዶ ነበር። በ1896 መጀመሪያ በናይል ወንዝ በመርከብ እስከ ዋዲ ሐልፋ ወጥቶ ጠረፉን አየ። እርሱ ግብፅ ሳለ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ማለትም ማርች 1 ቀን 1896 የአድዋ ጦርነት ሆነ። ኢጣልያኖች ከ1894 ጀምሮ የያዟት ከሰላ በድርቡሾች ተከብባ ነበርና ከአድዋ ሽንፈት በኋላ ይህ ጦር ፈጽሞ እንዳይጠፋ ተፈራ። የእንግሊዝ መንግሥትም አድዋ በተዋጋን በሁለት ሳምንት ውስጥ የግብፅ ጦር ወደ ዶንጎላ እንዲዘምት አዘዘ። እርግጥ ለዘመቻው ሌሎች ምክንያቶችም ነበሩት፤ ያን ሳምንት ያን ትእዛዝ ያስወጣው ግን የአድዋ ወሬ ነው። ኮናን ዶይልም ወዲያውኑ የአንድ የለንደን ጋዜጣ ጊዜያዊ የጦር ሜዳ ወኪል ሆኖ ወደ ጠረፉ ተመለሰ፤ የጦሩን አዛዥ ኪችነርንም ዋዲ ሐልፋ ላይ አገኘው። ውጊያው ሳይጀመር ወደ አገሩ ቢመለስም በ1898 በናይል ላይ በድርቡሾች የተያዙ አገር ጎብኚዎችን ታሪክ ጽፎ አሳተመ። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሆልምስን ከሞት ሲያስነሣ በኸሊፋው አገር በኩል አሳለፈው።

እንግዲህ በሐሳብ ሰንሰለቱ ከተያዘ፣ አድዋ ላይ የተዋጋው ገበሬ ሳያውቀው ሼርሎክ ሆልምስን ወደ ሱዳን ልኮታል ማለት ይቻላል። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ፤ ምክንያትና ውጤት ምን እንደ ሆነ ግን ከብዙ ገለጻ ይልቅ ይህ ያስረዳቸዋል።

ስለ ስሙ ስሕተት ደግሞ እንዲህ እገምታለሁ። በ1903 ካርቱም እንደ አዲስ ተሠርታ የእንግሊዞች የሱዳን ዋና ከተማ ሆና ነበር፤ በጎርደን ስም የተሰየመው ኮሌጅ ባለፈው ዓመት ተከፍቷል። የለንደን ሕዝብ የሚያውቀው ስም ካርቱም ነው፤ የሚያውቀውም በጎርደን ምክንያት ነው። በሆልምስ ታሪኮች በአንደኛው፣ በ1893 በወጣው፣ ዋትሰን አዲስ ፍሬም ያስገባለት የጎርደን ሥዕል እንዳለው ይነገራል። በድራማው ውስጥ የቤከር ጎዳናውን ክፍል ስናይ ግድግዳውን ልብ ብለን መመልከት ይገባናል ማለት ነው። ይህ ቤት የሟቹን ጄነራል ሐዘን የሚያስታውስ ቤት ነው።

ጎርደን በእኛ ታሪክ ውስጥም ስፍራ አለው። በ1879 የግብፅ መንግሥት መልእክተኛ ሆኖ ደብረ ታቦር ድረስ መጥቶ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር ተነጋግሮ ሳይስማማ ተመልሷል። በ1884 መጀመሪያ ደግሞ በሱዳን የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች እንዲያስወጣ ወደ ካርቱም ተላከ። በዚያው ዓመት ጁን 3 ቀን እንግሊዝና ግብፅ በአድሚራል ሂዌት በኩል ከዐፄ ዮሐንስ ጋር አድዋ ላይ ተዋዋሉ። በውሉ መሠረት ቦጎስ ለኢትዮጵያ ሊመለስ፣ በምፅዋ በኩል ዕቃ በነጻ ሊያልፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱም በጠረፉ ላይ የተከበቡት የግብፅ ወታደሮች በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጡ ሊረዱ ተስማሙ። ኢትዮጵያ ቃሏን ጠበቀች። የገላባት ጦር ተረድቶ ወጣ፤ ራስ አሉላም በሴፕቴምበር 1885 ኩፊት ላይ የዑስማን ዲግናን ጦር ድል አደረጉ። ምፅዋን ግን ውሉ ዓመት ሳይሞላው በፌብሩዋሪ 1885 ኢጣልያ ያዘችው፤ እንግሊዝም ፈቃደኛ ነበረች። ለሌላ ሰው ወታደሮች ሲባል የተገዛው የድርቡሽ ጠላትነት ለኢትዮጵያ ቀረላት።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የጠረፉ ሕዝብ ያውቀዋል። መተማ ጥንት ቡናና ሰም፣ ጥጥና ከብት፣ የሰው ልጅም ጭምር የሚሸጥባት ገበያ ነበረች፤ የተክሩር ሼኾቿም ለሁለቱም ወገን ግብር እየከፈሉ በመካከል ይኖሩ ነበር። በ1887 መጀመሪያ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ገላባትን አጥቅተው የድርቡሹን አሚር ወድ አርባብን ገደሉ። ኸሊፋው ሐምዳን አቡ ዐንጃን ብዙ ጦር አስይዞ ላከ። በጃንዋሪ 1888 ሳር ውኃ ላይ የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጦር ተሸነፈ፤ ጎንደር ተዘረፈች፣ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ብዙ ሰው ተማረከ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ዐፄ ዮሐንስ ለአቡ ዐንጃ የሰላም ደብዳቤ ላኩ። የሁለታችን ጠላት ከባሕር ማዶ የሚመጣው ነው፤ ድኾችን ማጫረስ ለማናችንም አይበጅም፤ ነጋዴዎቻችን ይመላለሱ የሚል መንፈስ ያለው ነው። የተመለሰላቸው መልስ ስድብና ሃይማኖትህን ለውጥ የሚል ነበር። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ውጊያው ሆነ። የኢትዮጵያ ጦር ምሽጉን ሰብሮ እየገባ ሳለ ንጉሠ ነገሥቱ ቆሰሉ፤ ሠራዊቱም ተፈታ። በአቡ ዐንጃ ሞት ምክንያት አዛዥ የሆነው ዘኪ ጡማል ተከታትሎ አስከሬኑን አትባራ ወንዝ አጠገብ ማረከ። በሁለቱም ወገን ያ ዘመን የረኀብ ዘመን ነው። በእኛ ዘንድ ክፉ ቀን ይባላል፤ በሱዳንም በ1889 በረሀብ ያለቀው ሕዝብ ብዛት በጦር ካለቀው አያንስም።

በገዳሪፍ አካባቢ የኢትዮጵያና የሱዳን ልጆች ብዙ ጊዜ አብረው ኖረዋል። በሰሊጥና በማሽላ እርሻ ሥራ የሄደው፣ በ1980ዎቹ ዓመታትና እንደገና ከ2020 ጀምሮ በስደት ኡም ራኩባ መጠለያ የገባው ቤተሰብ ሁሉ ልጆች ይዟል። አንዱ ልጅ ስለ መተማ የሚሰማው ስለ ሰማዕቱ ንጉሥ ነው፤ ጎረቤቱ የሚሰማው ስለ አባቶቹ ድል ነው። ሁለቱም በቴሌቪዥን ሆልምስን ሲያዩ ግን መተማም ሆነ ኦምዱርማን የሉም። አንድ ካርቱም የምትባል የስም ጥላ፣ አንድ ኸሊፋ የሚባል የመድረክ ሰው ብቻ አለ። ሁለቱንም ልጆች የሚያስተምር ሰው ከመርማሪው ሊማር የሚገባው ዘዴ አለ፤ ይኸውም እያንዳንዱን ምስክር «አንተን ማን ጠየቀህ? ለማንስ ተናገርህ?» ማለት ነው።

ይህን ጥያቄ በጊዜው መጽሐፎች ላይ ብናነሣው የሚገርም ነገር እናገኛለን። በዚያ ዘመን እውነተኛው መርማሪ ካይሮ ውስጥ ነበር፤ የግብፅ ጦር የስለላ ክፍል ኀላፊ ሬጂናልድ ዊንጌት ይባላል። ነጋዴውንና ተጓዡን፣ ከእስር ያመለጠውንና የከዳውን ሁሉ እየጠየቀ ስለ ኦምዱርማንና ስለ ገዳሪፍ ጦር ብዛት፣ ስለ እህል ዋጋ ሳይቀር ይመዘግብ ነበር። ሆልምስ ለውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስታወቅሁ ያለውን እርሱ በየወሩ ያስታውቅ ነበር። የኦርዋልደርን መጽሐፍ በ1892፣ የስላቲንን በ1896 ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያዘጋጀውም እርሱ ነው። ሁለቱም መጽሐፎች የመከራ ዘመናቸውን በእውነት ያዩ ሰዎች ቃል ናቸው፤ ነገር ግን ምስክሩን የጠየቀው፣ ቃሉን የጻፈው፣ ሕዝቡንም ለዘመቻ ሊያነሣሣ የፈለገው አንድ ሰው ነበር። ፗሮ እንዲህ ያለ የምስክር ወረቀት ቢቀርብለት ሳይመረምር አይቀበልም። ይኸው ዊንጌት በኖቬምበር 1899 ኸሊፋው በተገደለበት የኡም ዲወይከራት ውጊያ ጦሩን መራ፤ ከዚያም እስከ 1916 የሱዳን ገዥ ሆነ። መርማሪ፣ ጸሐፊና ፈራጅ በአንድ ሰው ተጠቃለሉ።

ኸሊፋውን በእውነት የጎበኙትስ? ከአድዋ ድል በኋላ በዐፄ ምኒልክና በኸሊፋው መካከል መልእክተኞችና ደብዳቤዎች ተመላልሰዋል። የቀድሞ ደመኞች አውሮፓዊው ከሁለት አቅጣጫ ሲገፋ ተፈላለጉ። ምኒልክ በሜይ 14 ቀን 1897 ከእንግሊዙ ከሬኔል ሮድ ጋር በተዋዋሉት ውል ድርቡሾችን የመንግሥታቸው ጠላቶች ብለው መሣሪያ እንዳያልፍላቸው ቃል ሲገቡ፣ በሌላ በኩል ወዳጅነቱ አልተቋረጠም ነበር። በገዳሪፍ መንገድ፣ በግመልና በበቅሎ፣ በሁለት ጠላቶች መካከል ደብዳቤ የተሸከመ መልእክተኛ ከሆልምስ ያነሰ ጀብዱ ያለው አይመስለኝም። ድራማ የሠራለት ግን የለም።

ኦምዱርማን በሴፕቴምበር 2 ቀን 1898 ከወደቀች በኋላ ኮሎኔል ፓርሰንስ ከከሰላ ተነሥቶ የሞላውን አትባራ ተሻግሮ ሴፕቴምበር 22 ቀን ገዳሪፍን ያዘ። የከተማው አዛዥ አሕመድ ፋዲል ኸሊፋውን ለመርዳት ሄዶ ነበር፤ ተመልሶ ሊያስለቅቅ ቢሞክርም አልሆነለትም። በሜይ 15 ቀን 1902 የጠረፉ ውል አዲስ አበባ ላይ ተፈረመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሜጀር ግዊን የተባለ የእንግሊዝ መኰንን የኢትዮጵያ ተወካይ ሳይኖር በመሬቱ ላይ ምልክት አደረገ። ሆልምስ ወደ ለንደን የተመለሰበት ታሪክ የታተመው በዚያው በ1903 ነው። የዚያ መስመር ክርክር በአልፋሽጋ በኩል እስከ ዛሬ አልተቋጨም፤ በ2020 መጨረሻም የሱዳን ጦር ገብቶበታል። ከውጭ የመጣ አንድ ሰው ብቻውን ነገሩን ሲቋጨው ድራማው ያምራል፤ መሬት ላይ ግን የአገሩ ሰው ያልተቀመጠበት አውጫጭኝ ነው።

ሌላ ድራማም ለዚሁ ጠረፍ ይጠቅማል። «የፎይል ጦርነት» የተባለው፣ ከ2002 እስከ 2015 የታየው፣ በ1940 ሄስቲንግስ በተባለች የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ ከተማ ይጀምራል። ማይክል ኪችን የተጫወተው ፎይል የጀርመን ወረራ በሚጠበቅበት በዚያ ክረምት ስለ ሌባና ነፍሰ ገዳይ ይመረምራል። በዚያው ክረምት ጁላይ 4 ቀን ኢጣልያኖች ገላባትንና ከሰላን ያዙ፤ ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴም ካርቱም ደረሱ። በኦገስት ኮሎኔል ሳንድፎርድና አዛዥ ከበደ ተሰማ በገዳሪፍና በገላባት መካከል ካለችው ከዶካ ተነሥተው አርበኞችን ለመገናኘት ወደ ጎጃም ገቡ። ኖቬምበር 6 ቀን ብርጋዴር ስሊም ገላባትን መልሶ ቢይዝም መተማን ሳይዝ አፈገፈገ። ለዚህኛው ዘመን የራሳችን ምስክር አለን፤ ከበደ ተሰማ በ1962 ዓ.ም. ያሳተሙት «የታሪክ ማስታወሻ» በየትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ቢገኝ መልካም ነበር።

የሆልምስን ጉዞ ለክፍል ሥራ የሚያቀርብ መምህር ካርታ፣ የዓመታት ዝርዝርና የዐፄ ዮሐንስ ደብዳቤ ቢይዝ ይበቃዋል። ተማሪዎቹ ከጂዳ እስከ ኦምዱርማን ያለውን መንገድ በግመል ቀን እንዲያሰሉ፣ በየበሩ የቆመውንም ጦር እንዲጽፉ ያድርግ። መተማን ድል ያደረገው ዘኪ ጡማል ምን እንደ ሆነም መጠየቃቸው አይቀርምና መልሱን አዘጋጅቶ ይግባ። ኸሊፋው ተጠራጠረውና ወደ ኦምዱርማን ጠራው፤ ስላቲን እንደ ጻፈውም በጠባብ የድንጋይ ክፍል ዘግቶ በረኀብ ገደለው። ዘመኑ 1893 ገደማ ነው፤ ሆልምስ ኸሊፋውን ጎበኘሁ የሚልበት ጊዜ ማለት ነው።